ለዕለታዊ ጸሎት የትኛውን የአንግሊካን የጸሎት መጽሐፍ ልያዝ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኛለሁ። እሑድ ከምእመናን ጋር የምንጸልየውን ጸሎት ቤቴም ውስጥ ጠዋትና ማታ ማድረስ ፈልጌ መጽሐፍ ለመግዛት ሳጠያይቅ፣ አንዱ የ1662ቱን፣ ሌላው የ1979ኙን፣ ሌላው ደግሞ «ኮመን ወርሺፕ» የሚባለውን ያመለክተኛል። ጠዋት ያለኝ ጊዜ አጭር ነው፤ እንግሊዝኛ ባነብም የጥንቱ እንግሊዝኛ ይከብደኛል። የትኛውን ብይዝ ይሻለኛል? ካህን በሌለበት ብቻዬን ማድረስስ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምርና፣ ብቻዎን ማድረስ ይፈቀድልዎታል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በ1549 (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ በገዳማት በየሰዓቱ ይደርስ የነበረውን ብዙ ጸሎት በጠዋትና በማታ ሁለት ጸሎቶች የጠቀለለው፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አብሮ እንዲጸልይ አስቦ ነው። ለካህን ብቻ የተተወው ከኃጢአት ኑዛዜ በኋላ የሚነገረው የሥርየት ቃል ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የ1662 መጽሐፍ ብቻውን የሚጸልይ ምእመን በዚያ ቦታ ምሕረትን የሚለምን አጭር ጸሎት መተካት የተለመደ ሲሆን፣ የአሜሪካው የ1979 መጽሐፍ ደግሞ ያንኑ ቃል «እናንተን» በማለት ፈንታ «እኛን» ብሎ እንዲያነበው ያዛል።

መጽሐፍ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚያየው የቋንቋውን ውበት ወይም የመጽሐፉን ዕድሜ ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት መጽሐፉ በቀን ስንት መዝሙረ ዳዊት እንደሚያስደግምና የዕለቱን ገጽ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ነው። ክራንመር ራሱ በመቅድሙ ያማረረው፣ በዘመኑ የሚነበበውን ከማንበብ ይልቅ ፈልጎ ማግኘቱ የበለጠ ሥራ ሆኖ ስለነበር ነው፤ ይህ ችግር ዛሬም ብዙ ጀማሪዎችን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ ያስቆርጣል።

የ1662ቱ መጽሐፍ በዚህ ረገድ የሚተካከለው የለም ማለት ይቻላል። መዝሙረ ዳዊት በ30 ቀን፣ ጠዋትና ማታ ተብሎ ተከፍሎበታል፤ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከመዝሙር 1 እስከ 5፣ ማታ ከ6 እስከ 8 ይደገማል፤ ወሩ 31 ቀን ከሆነ የ30ኛው ቀን ይደገማል። ስለዚህ የቀኑን ቁጥር ያወቀ ሰው መዝሙሩን አወቀ ማለት ነው። ዋናው ጸሎት ከቀን ወደ ቀን እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ማታ ማታ የሚደርሱት የእመቤታችን ማርያምና የአረጋዊው ስምዖን መዝሙሮች ሳይታወቅ በቃል ይያዛሉ። ይህ በሕመም ጊዜ፣ በጨለማ ወይም በመንገድ ላይ መጽሐፍ ለሌለው ሰው ታላቅ ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ ድርሻው አንዳንድ ቀን ከባድ ነው፤ በ15ኛው ቀን ማታ ከ70 በላይ ቁጥሮች ያሉት መዝሙር 78 በአንድ ጊዜ ይደገማል። የቀትርና የመኝታ ጸሎትም በውስጡ የለም። ቋንቋውም እርስዎ የፈሩት የጥንቱ እንግሊዝኛ ነው። ለእንግሊዝ ንጉሥ የሚጸለየውን ጸሎት በተመለከተ፣ ከዚያ አገር ውጭ ላሉ ምእመናን እንዲስማማ ተደርጎ በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ እትም አለ።

የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የ1979 መጽሐፍ ጠዋትና ማታን በጥንቱም በዘመናዊውም እንግሊዝኛ ያቀርባል፤ የቀትርና የመኝታ ጸሎትም አለው፤ መዝሙሩን በ7 ሳምንት ያዳርሳል፤ የ30 ቀኑን ክፍፍል ለሚመርጥም ምልክቱ በመዝሙሩ ውስጥ ተቀምጧል። ከሁሉ ይልቅ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ከገጽ 137 እስከ 140 ያለው ለግለሰብና ለቤተሰብ የተዘጋጀው አጭር ጸሎት ነው። ለጠዋት፣ ለቀትር፣ ለምሽትና ለመኝታ አንድ አንድ ገጽ ተመድቦለታል። የጠዋቱ በመዝሙር 51 ቃል «አቤቱ፥ ከንፈሮቼን ክፈት» ብሎ ይጀምርና አጭር ንባብ፣ ጸጥታ፣ ስለ ራስና ስለ ሌሎች ልመና፣ ከዚያም የጌታን ጸሎት አስከትሎ በማሳረጊያ ጸሎት ይጨርሳል። ለሥራ የሚቸኩል ሰው ይህንን ሳይዘልል ማድረስ ይችላል። የዚህ መጽሐፍ አስቸጋሪ ጎን በሁለት ዓመት የሚዞረው የንባብ ሰንጠረዡ ነው፤ ለመጠቀም ከዘመነ ምጽአት (ከገና በፊት ካሉት አራት ሳምንታት) ጀምሮ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ዘመን ማወቅ ይጠይቃል።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን «ኮመን ወርሺፕ» እጅግ ሀብታም ነው፤ ለየዘመኑ የተለየ ጸሎት አለው፤ በዚያው ልክ ገጽ መገለባበጡ ይበዛል። ለጀማሪ አልመክረውም። በሰሜን አሜሪካ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የወጣው የ2019 መጽሐፍ መዝሙሩን በ60 ቀን ስለሚከፍልና ንባቡን በተራው የቀን መቁጠሪያ ስለሚያስቀምጥ ለመጠቀም ቀላል ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የደብርዎን ቄስ ቤተ ክርስቲያኑ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚገለገል ይጠይቁ፤ የእሑዱና የሰኞው ጸሎት በአንድ ቃል ቢሆን ትልቅ ጥቅም አለው። እርሳቸው ምርጫውን ለእርስዎ ከተዉልዎ የ1979ኙን ይያዙ፤ ጠዋት በአንድ ገጹ አጭር ጸሎት፣ ማታ ጊዜ ሲያገኙ በሙሉው የማታ ጸሎት ይጀምሩ። እየበረቱ ሲሄዱ ወደ 30 ቀኑ መዝሙር ይሻገሩ፤ የ1662ቱንም ያኔ ቢያነቡት እንደ ዛሬው አይከብድዎትም።

ከመግዛትዎ በፊት የ1979ኙ ጽሑፍ የባለቤትነት ገደብ ስለሌለበት ከኢንተርኔት በነጻ አውርደው ይሞክሩት። «ኮመን ወርሺፕን» ለመግዛት ቢወስኑ፣ የተሟላው ዕለታዊ ጸሎት በ2005 በወጣው በተለየ ጥራዝ እንጂ በእሑዱ መጽሐፍ ውስጥ እንዳልሆነ ያረጋግጡ። መዝሙሩን ከራስዎ ዳዊት በአማርኛ ሊደግሙ ካሰቡ ደግሞ ቁጥሩን ያመሳክሩ፤ ዳዊትዎ የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር የሚከተል ከሆነ፣ የጸሎት መጽሐፉ መዝሙር 23 የሚለው በእርስዎ ዘንድ 22 ነው፤ 51ም 50 ነው።