አርቲክል 15 ላይ ብፈርም ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው?

አይደለም። አርቲክል 15 በአሜሪካ ጦር አዛዡ ራሱ ያለ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቅጣት ነው። ሰርጀንትህ «ዛሬውኑ ፈርም» ያለህ ፎርም 2627 መብትህ እንደተነገረህና ጉዳዩ የት እንዲታይ (በአዛዡ ወይስ በኮርት ማርሻል፣ ማለትም በወታደራዊ ፍርድ ቤት) እንደመረጥክ ብቻ ነው የሚያሳየው። «አዛዡ ይየው» ብትልም ጥፋቱን አላመንክም። በአሜሪካ ምድር ጦር ደንብ አዛዡ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ካልተረጋገጠለት ሊቀጣህ አይችልም።

«ዛሬውኑ» የሚለውን ግን አትቀበል። ፎርማል (መደበኛው) አርቲክል 15 ከሆነ ጠበቃ ለማማከር አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ ምርጫው ላይ ምልክት ሳታደርግ፦

1. «ትሪያል ዲፌንስ ሰርቪስን ማማከር እፈልጋለሁ» በል። የተከሰሱ ወታደሮችን የሚከላከሉ የጦሩ ጠበቆች ቢሮ ነው። ነፃ ነው፤ ጠበቃው በአዛዥህ ሥር አይደለም። ውክልናና ኑዛዜ የሚሠራው ሊጋል አሲስታንስ ሌላ ቢሮ ነው፤ እዚያ ተሰልፈህ ሰዓትህን እንዳታቃጥል።

2. የፎርሙንና የማስረጃውን ቅጂ ይዘህ ሂድ፦ የምስክር ቃል፣ ቴክስት፣ ፎቶ፣ ያለውን ሁሉ።

3. ከተቀጣህ ይግባኝ የምትለው በ5 ቀን ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጓደኞችህ «እምቢ በል፣ ኮርት ማርሻል ጠይቅ» ይሉህ ይሆናል። ማስረጃው ደካማ ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። ነገር ግን አርቲክል 15 የወንጀል ፍርድ አይደለም፤ ስፔሻል ኮርት ማርሻል ግን እስከ 1 ዓመት ሊያሳስርህ ይችላል፣ ጥፋተኛ ከተባልክም የወንጀል ሪከርድ ይሆንብሃል። ፎርሙ ላይ ያለውን የኮርት ማርሻል ሳጥን ጠበቃው ማስረጃውን ሳያይ አትንካው።