የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ፍራክቸር» እና መሬት የሚያነሳው መሣሪያ

በዚህ እትም ከደረሱን የጌም ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ «ፍራክቸር» ናቸው። ለማያውቁት፦ ዴይ 1 ስቱዲዮስ ሠርቶት ሉካስአርትስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ለኤክስቦክስ 360 እና ለፕሌይስቴሽን 3 ያወጣው የተኩስ ጌም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2161 ለሁለት በተከፈለችው አሜሪካ ነው። ተጫዋቹ ጄት ብሮዲ የተባለውን ወታደር ከኋላው እያየ ያንቀሳቅሰዋል። ታሪኩ ተራ ነው፤ ጌሙን ልዩ የሚያደርገው «ኢንትሬንቸር» በተባለ መሣሪያ መሬቱን ማንሳትና ማስመጥ መቻሉ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጉብታ አስነስቼ ከኋላው እደበቃለሁ። ጠላት ቁልጭ ብሎ እየታየኝ ጥይቴ ግን አፈሩን ብቻ ነው የሚመታው። ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጆይስቲኩ ደህና ነው። ካሜራው ከገጸ ባሕሪው ትከሻ በስተኋላ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጉብታውን አሻግሮ ያያል፤ ጥይቱ የሚነሳው ግን ዝቅ ካለው አፈሙዝ ነው። ዓይንዎ ያለፈውን አፈር ጠመንጃው አላለፈውም ማለት ነው። ገጸ ባሕሪው ከኋላ በሚታይባቸው ብዙ የተኩስ ጌሞች የሚያጋጥም ነገር ነው።

ሦስት መፍትሔ አለው። አንደኛ፣ በጉብታው የጀርባ ተዳፋት ላይ ትንሽ ወጣ ይበሉ፤ አፈሙዙ ከጫፉ በላይ ሲሆን ጥይቱ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ጉብታው በጣም ከፍ ካለ በማስመጫው ቁልፍ ቀነስ ያድርጉት። ሦስተኛ፣ በጎን በኩል ብቅ ብለው ተኩሰው ይመለሱ። የእጅ ቦምብ ግን ቀስት ሠርቶ ስለሚሄድ ከሙሉ ከለላ ኋላ ሆነው ሊወረውሩት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ጠላትም ከአፈር ኋላ ሲደበቅ ጥይት አይጨርሱበት፤ ኢንትሬንቸሩን አነጣጥረው ከለላውን ያስምጡበት፣ ወዲያው ይተኩሱ። እግርዎ ሥር ያለውን መሬት ካነሱ አብረው ከፍ ይላሉ፤ ወደ ሰገነት ለመውጣት ይጠቅማል፣ በተኩስ መሐል ግን ለሁሉም ኢላማ መሆን ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አንዳንድ ቦታ መሬቱ ንቅንቅ አይልም። ዋሻ ልቆፍር ብልም እምቢ አለኝ።

መልስ፦ የሚታዘዘው አፈሩ ብቻ ነው። ኮንክሪት፣ የብረት ወለልና የሕንፃ ግድግዳ አይነሱም። አፈሩም ቢሆን ከተወሰነ ከፍታና ጥልቀት አያልፍም፤ ባይሆን ተጫዋቹ ከካርታው ሾልኮ ይወጣ ነበር።

ዋሻ የማይቆፈረው በዚህ ዓይነት ጌም መሬት የተዘረጋ መረብ ስለሆነ ነው። በመረቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ከፍታ ብቻ አለው። ነጥቦቹን ወደ ላይ ቢስቧቸው ኮረብታ፣ ወደ ታች ቢገፏቸው ጉድጓድ ይሠራሉ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ወለልም ጣሪያም አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ግን አይቻልም። ዋሻ መቦርቦር የሚያምርዎት ከሆነ የ2001ዱን «ሬድ ፋክሽን» ይሞክሩ፤ እዚያ አለት በሮኬት ይፈለፈላል። በ2009 የወጣው «ሬድ ፋክሽን፦ ገሪላ» ግን ሕንፃ እንጂ መሬት አያፈርስም፤ በስሙ እንዳይሳሳቱ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አራቱን የእጅ ቦምቦች እየቀላቀልኩ ነው። የትኛው ለምን ይሆናል?

መልስ፦ «ቴክቶኒክ» ጉብታ ያነሳል፣ «ሰብሶኒክ» ጉድጓድ ይፈጥራል። «ስፓይክ» ከመሬት ውስጥ ቀጥ ያለ የድንጋይ ዓምድ ያወጣል፤ ቆመውበት ከፍ ወዳለ ቦታ ለመድረስ ወይም ከባድ ነገር ከሥር ገፍቶ ለማንሳት ነው። መንገዱ ጠፍቶብዎት ሲዞሩ ወደ ላይ ቀና ብለው ይዩ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ስፓይክ ነው። «ቮርቴክስ» በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ስቦ ያሽከረክራል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ስለዚህ ቅርብ አይወርውሩት፣ ተራርቀው በቆሙ ጠላቶችም አያባክኑት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ኤክስቦክስ 360 ላከልኝ። በቀጥታ ብሰካው ችግር አለው?

መልስ፦ አይሰኩት! መጀመሪያ የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብቡ። የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ 100–127 ቮልት ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። እንዲህ ከተሰካ አዳፕተሩ ሊቃጠል ይችላል። ወይ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፣ ወይ አዳፕተሩን በ220–240 ቮልት ይቀይሩ። ስታቢላይዘር ብቻውን ይህን ሥራ አይሠራም።

የመጀመሪያዎቹ 360ዎች አዳፕተር 203 ዋት ስለሆነ ለእነሱ ትራንስፎርመሩ 300 ዋትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል፤ አቅሙ ልክ የተመጠነ ሲሆን ይግላል። አዳፕተር ከቀየሩ ደግሞ ሶኬቱ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የ203፣ የ175 እና የ150 ዋቶቹ መሰኪያ አንድ አይደለም። አሮጌውን ይዘው ሄደው ከአዲሱ ጋር አጠገብ ላጠገብ ያመሳክሩ።

ሲዲ ሲገዙም ይጠንቀቁ። ብዙ የ360 ሲዲዎች በአካባቢ የተከለሉ ስለሆኑ ለአውሮፓ የታተመው በአሜሪካው ማሽን ላይከፈት ይችላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ «ፍራክቸር»ን በኮምፒውተር ወይም በፕሌይስቴሽን 4 ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ለኮምፒውተር አልወጣም። የፕሌይስቴሽን 3 ሲዲም በ4ም ሆነ በ5 አይነበብም። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ከገዙ ግን ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሲዲ አስገብተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት፤ የደከመ ሌንስና የሚግል ማሽን ወዲያው አይታወቁም።