ከመጋረጃው ፊት ለምትቆሙ ልጆቼ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የምትሃት ትርኢት እያሳየሁ ነበር። ልጆቹ ከአምስት መቶ አያንሱም። ገመዱን ቆርጬ መልሼ ልቀጥል መቀሱን ሳነሳ መብራት ድርግም አለ። መስኮቶቹ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍነው ስለነበር አዳራሹ ጨለመ። ዘበኛው የጄኔሬተር ክፍሉን ቁልፍ ፍለጋ ሮጠ። ትንንሾቹ መጮህ፣ ትልልቆቹ ማፏጨት ጀመሩ። መምህራኑ «ዝም በሉ!» ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው።

እኔም ጨለማው ውስጥ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንቆቅልሽ!» አልኩ።

አዳራሹ ባንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» አለ።

«ስሄድ ይከተለኛል። ስቆም ይቆማል። ሲጨልም ግን ጥሎኝ ይጠፋል።»

ጸጥ አሉ። ያ ሁሉ ልጅ ማሰብ ጀመረ። መልሱን አሁን አልነግራችሁም፤ እናንተም እንደነሱ ትንሽ ያዙት።

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የዛሬ ወጣት ምትሃተኞችን ሥራ ስለማይ ነው። እጃችሁ ፈጣን ነው። እኛ አንድ የካርታ አያያዝ ለመማር ዓመት ይፈጅብን ነበር፤ እናንተ ከዩቲዩብ አይታችሁ በሳምንት ትሠሩታላችሁ። በዚህ እደሰታለሁ። የሚያሳዝነኝ በአንዱ ትርኢትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ረዳቱ ሳጥን እየገፋ ይገባል። ምትሃተኛው ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይንጎዳጎዳል። «አንዴ ታገሱኝ» ይላል። ከዚያ ስልኮች አንድ በአንድ ይበራሉ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሄዷል፤ ወንበሩ ላይ የቀረው አካሉ ብቻ ነው።

እኔም ይህን በራሴ ሥራ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ትልቅ የምትሃት ሳጥን ይዤ መድረክ የወጣሁ ጊዜ፣ ሳጥኑን ሁለት ወር ተለማምጄዋለሁ። ሳጥኑ እስኪዘጋጅ መጋረጃው የሚዘጋበትን አራት ደቂቃ ግን አንድም ቀን አልተለማመድኩትም። የካሴቱ ዘፈን አለቀ። ከመጋረጃው ጀርባ የጎማ መንኳኳት፣ የሰው ሹክሹክታ፣ የብረት ድምፅ ይሰማል። ሰው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። መጋረጃው ሲከፈት ምትሃቱ አንድም ነገር አልጎደለበትም። ጭብጨባው ግን የይሉኝታ ነበር።

በዚያ ምሽት አንድ የመድረክ ሥራ አዋቂ አዛውንት ጠሩኝ። «ሰዓትህን ይዘህ ተቀመጥ። ምንም ሳትሠራ፣ ምንም ሳትሰማ አራት ደቂቃ ጠብቅ» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ሞከርኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ተነስቼ ቆምኩ። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ያን ከሞከርኩ በኋላ ክፍተትን በዋዛ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ክፍተቱ በምን ይሞላል? ብዙዎቻችሁ «በሙዚቃ» ትላላችሁ። ሙዚቃ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የእኔ መልስ ሌላ ነው፦ ለተመልካቹ የሚይዘው ነገር ስጡት። ጥያቄ ይሁን፣ ግምት ይሁን፣ የራሱ ንብረት ይሁን። የሚይዘው ነገር ያለው ሰው አይሰለችም።

ይህን አገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ግጥሙን ከአፉ ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ግጥም የሰጠው ሰው እስኪነጋ ቢቆይ አይሰለችም፤ ጎረቤቱ ደግሞ የራሱን ስንኝ በልቡ ማዘጋጀት ይጀምራል። ቤቱን የያዘው ድምፁ ብቻ አይደለም። ሁሉም ተራ እየጠበቀ ነው።

ከሩቅ አገር ደግሞ ከእስራት በማምለጥ የታወቀውን ምትሃተኛ ሁዲኒን ላንሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1904 ለንደን ሂፖድሮም ውስጥ ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ያቀረበለትን ካቴና እንዲፈታ ተጠየቀ። አዳራሹን አራት ሺህ ያህል ሰው ሞልቶታል። ሁዲኒ እጁ ታስሮ በመጋረጃ የተከለለች ትንሽ ቦታ ውስጥ ገባ። ከዚያስ? ምንም የሚታይ ነገር የለም። ኦርኬስትራው ይጫወታል። ሕዝቡ የሚያየው ጨርቅ ነው። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ!

ዛሬ ማን ጨርቅ እያየ አንድ ሰዓት ይቀመጣል? ሁዲኒ ግን በየመሀሉ ብቅ ይል ነበር። አንዴ ካቴናውን በብርሃን ለማየት ወጣ። አንዴ ጉልበቱን ስላመመው ትራስ ተሰጠው። አንዴ ኮቴን ላውልቅና ካቴናውን ለጊዜው ፍቱልኝ አለ። ከጋዜጣው የመጣው ሰው እምቢ አለ። ሁዲኒ እንደምንም ከኪሱ ሰንጢ አወጣ፤ በጥርሱ ይዞ ኮቱን በላዩ ላይ ቀዳደደው። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በመጨረሻ ነፃ ሆኖ ሲወጣ ሕዝቡ ተሸክሞ አዞረው።

ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት። ያ ሁሉ ሰው ያየው ትራስና የተቀደደ ኮት ነው። እያንዳንዷ ብቅ ማለት ግን አዲስ ጥያቄ ትጥላለች። ደከመው? ሊሸነፍ ነው? ሰው ጥያቄውን ይዞ ይጠብቃል። ክፍተት የሚሞላው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ ልምጣ። ከትልቅ ሳጥን በፊት መጋረጃ ከተዘጋ፣ አንዳችሁ ከመጋረጃው ፊት ቁሙ። የድሮ የአውሮፓና የአሜሪካ ትርኢት ቤቶች እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ከኋላ ዕቃ ሲቀየር ከፊት አንድ ሰው በኪሱ በሚገባ ዕቃ ይጫወታል። ፌሊሲየን ትሬዌ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። መሀሉ ክፍት ከሆነ ክብ ጨርቅ እያጣጠፈ የካህን፣ የወታደር፣ የአሮጊት ባርኔጣ ይሠራ ነበር፤ ፊቱንም ከባርኔጣው ጋር ይለዋውጥ ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1896 የሉሚየር ወንድማማቾችን ሲኒማ ለንደን ያቀረበውም እሱ ነው። ሲኒማ በልጅነቱ በምትሃተኞች እጅ ማለፉ ሁሌም ያኮራኛል።) እናንተም አንድ መሀረብ፣ አንድ ገመድ፣ ሁለት ሳንቲም ይበቃችኋል። ትልቁ ሳጥን በኋላ ሰውን ያስደንግጥ፤ ከመጋረጃው ፊት ያለው ሰው ግን ጨዋታ አዋቂ ይሁን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ያጫውታቸው።

ረጅሙ እረፍት፣ ያ የ15 ደቂቃው፣ ሌላ ጠባይ አለው። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ ይከፍቱታል። እኔ ዝቅ አድርጉት እላለሁ። ሰው ቡናውን ይዞ «እንዴት አደረገው?» እያለ መከራከር ይፈልጋል። አንዱ «መስታወት ነው» ይላል፤ አንዱ «መንትያ አለው» ይላል። ከዚህ የበለጠ መዝናኛ የለም፤ እናንተም ሳትደክሙ የመጣ ነው። በሙዚቃ አትግደሉት።

ክርክሩ እንዲነሳ ግን ከእረፍቱ በፊት አንድ ነገር ሳይጨርሱ መተው ይጠቅማል። እኔ የታሸገ ፖስታ በክር አስሬ ከመድረኩ በላይ አንጠለጥላለሁ። ውስጡ ስላለው ነገር አንድ ቃል ብቻ ተናግሬ እረፍት እላለሁ። ሰው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ፖስታው እንዳለ መሆኑን ነው። አንዳንዴም ቀለበት እዋሳለሁ። ቀለበቱ ይሰወራል፤ እረፍት ይሆናል። ባለቤቱ የትም አይሄድም፤ ጓደኞቹም እሱን ከበው ይቀራሉ። በዚህ ግን አደራ አለባችሁ። የጋብቻ ቀለበት ከሆነ ሰውየው እየተጨነቀ እንዳያርፍ አስቀድማችሁ በፈገግታ አረጋጉት።

ስለ አክብሮት ካነሳሁ፣ ክፍተት ለመሙላት ብላችሁ በሰው አትሳቁ። በልብሱ፣ በውፍረቱ፣ በንግግሩ። አንድ ልጅ መድረክ ላይ ስትጠሩ ስሙን ጠይቁት፣ ሥራውን ከሠራ በኋላ አስጨብጭባችሁለት እስከ ወንበሩ ሸኙት። አፍሮ የወረደ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ይፈራል።

በአገራችን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ እናቶች ያያሉ፣ ያማትባሉ። ድግምት ይመስላቸዋል። በእረፍት ሰዓት ወርዳችሁ ሰላም በሏቸው። «እማማ፣ ይህ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ ተምሬው ነው» በሏቸው። ምስጢሩን መናገር አያስፈልግም። እንዲህ ካላችኋቸው በኋላ ሁለተኛውን ክፍል ልባቸው አርፎ ያያሉ።

ሰውን መያዝ አንዳንዴ ሕይወት ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዲካተር ከተማ፣ ምትሃተኛው ሃሪ ብላክስቶን ትርኢቱን እያሳየ ሳለ ከቲያትር ቤቱ ጎን ያለው ሕንፃ ተቃጠለ። አዳራሹ በልጆች ተሞልቷል። «እሳት!» ቢል ተረጋግጠው ያልቁ ነበር። እሱ ግን የሚቀጥለው ምትሃት በጣም ትልቅ ስለሆነ ውጭ ነው የሚታየው አላቸው። ረድፍ በረድፍ አስነስቶ በሰላም አስወጣቸው። እንዲህ ያለ መረጋጋት በአንድ ቀን አይመጣም። በየትርኢቱ ትንንሽ ክፍተቶችን በእርጋታ ስትሞሉ፣ ሳታውቁት እጃችሁ ይገባል።

ስለዚህ ልምምዳችሁን ከዛሬ ቀይሩ። ሳጥኑን ስትለማመዱ መጋረጃው የሚዘጋበትንም በሰዓት ለኩ። ማን ፊት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚል፣ ማይኩ ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ወስኑ። ኪሳችሁም ባዶ አይሁን። የእኔ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሻማና ክብሪት ነበር።

ወደዚያ ጨለማ አዳራሽ ልመለስ። ልጆቹ «ውሻ!» አሉ። «ፀሐይ!» አሉ። «አገር ስጡኝ» አልኩ። ጎንደርን ሰጡኝ። አይበቃኝም ብል ሐረርን ጨመሩልኝ። ያኔ ሻማውን አውጥቼ ለረዳቴ ሰጠሁት። መድረኩ ጠርዝ ላይ፣ ከፊቴ ዝቅ አድርጎ ለኮሰው። ከኋላዬ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ቀስ እያለ እስከ ጣሪያው ወጣ። እጄን ሳነሳ እጁን አነሳ።

ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ አግዳሚው ላይ ቆማ «ጥላ!» ብላ ጮኸች።

እጆቼን አጣምሬ ወፍ ሠራሁላቸው፣ ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ ግመል። ግመሉ ገና ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጄኔሬተሩ ተነሳና አምፖሎቹ ቦግ አሉ።

ልጆቹ በሙሉ «መብራቱን አጥፉት!» ብለው ጮኹ።