መልስ፦ ኮምፒውተር የሚከፍተውን ዲስክ ማጫወቻው ለምን እምቢ ይላል?

ሰላም ወንድሜ። ኮምፒውተርህ የሚከፍተውን የሠርግ ዲቪዲ ዘጌ የሚኖሩት እናትህ ማጫወቻ «ኖ ዲስክ» (ዲስክ የለም) ካለው፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩ ፋይናላይዝ ሳይደረግ፣ ማለትም ቅጂው ካለቀ በኋላ ሳይዘጋ መቅረቱን ነው። ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ያልተዘጋ ዲስክ ያነባል፤ የሳሎን ማጫወቻ ግን አይምርም።

ቀጥሎ የዲስኩን ይዘት ተመልከት። አንድ የኤምፒ 4 ፋይል ብቻ ካለበት የቀዳኸው እንደ ተራ ፋይል (ዳታ) እንጂ እንደ ቪዲዮ ዲቪዲ አይደለም፤ አሮጌ ማጫወቻ የሚፈልገው ኤምፔግ 2 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት እና «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባለውን ፎልደር ነው። ዲቪዲ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በፓል (በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት)፣ በ720 በ576 ፒክስል የምስል መጠን ይለውጥልህ። የመቅጃውን ፍጥነት ወደ 4 ኤክስ አውርደህ ዲቪዲ-አር (አንዴ ብቻ የሚቀዳበት ዲስክ) ላይ ቅዳ፤ ችኮላ እዚህ አያዋጣም። ወደ ዘጌ ጀልባ ከመሳፈርህ በፊትም እዚያው ባሕር ዳር የጎረቤት ማጫወቻ ላይ ሞክረው።

የሙሽሮቹን ፎቶ የያዘ ወረቀት ግን ዲስኩ ላይ አትለጥፍ፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል።