ሥራችሁን ለማቅረብ ሃያ ደቂቃ ለተሰጣችሁ የሒሳብ ዶክትሬት ተማሪዎች

አንዲት የዶክትሬት ተማሪ በቅርቡ «ሥራዬ የት እንደሚውል ለማሳየት የመጨረሻዋ ስላይድ ትበቃለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አትበቃም። ስንት ጥሩ ሥራ በዚያች ስላይድ ላይ ባክኖ መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል፦ «ለሕክምና፣ ለፋይናንስ ይጠቅማል» ተብሎ ይጻፍና ሰዓቱ ያልቃል።

ከብዙ አቅጣጫ በተነሳ ኤክስሬይ የአካልን ውስጥ የሚያሳየውን የሲቲ ስካንን ሒሳብ ውሰዱ። የሒሳብ ሊቁ ዮሐን ራዶን እ.ኤ.አ. በ1917 አንድን ፈንክሽን በቀጥታ መስመሮች ላይ ካሉት ኢንቴግራሎቹ (በየመስመሩ ካሉት ድምሮቹ) መልሶ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። የፊዚክስ ሊቁ አለን ኮርማክ በ1960ዎቹ የራዶንን ሥራ ሳያውቅ ያንኑ ጥያቄ ፈታ፤ በ1979 ከመሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ለዚህ ታሪክ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ጊዜያችሁን ለሰሌዳው ስጡ። ከላይ 1 እና 2፣ ከታች 3 እና 4 ጻፉ። የአግድሞቹ ድምር 3 እና 7፣ የቁልቁሎቹ 4 እና 6 ነው። ቁጥሮቹን አጥፍታችሁ ድምሮቹን ብቻ ተዉ። አሁን ከላይ 2 እና 1፣ ከታች 2 እና 5 አስገቡ፤ ድምሮቹ ያው ናቸው። ኤክስሬይ የሚለካው በየመስመሩ ያለውን ድምር ስለሆነ፣ ከሁለት አቅጣጫ ብቻ የተነሳ ኤክስሬይ እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም ማለት ነው። ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ ያለውን ሰያፍ ስትደምሩ ግን የመጀመሪያው 5፣ የሁለተኛው 7 ይሆናል። አንድ አቅጣጫ ሲጨመር መልሱ አንድ ብቻ ሆነ። ይህን ያየ ሰው ቲዎረማችሁን ስትጽፉ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ቀጥላችሁ ችግሩን አንሡ፦ በእውነተኛው ምስል ላይ ጥቃቅኑን ነገር መልሶ የሚያወጣው ስሌት የልኬቱንም ስህተት አብሮ ያጎላል። የእናንተ ሥራ እዚህ ላይ ምን ቀየረ? የአቅጣጫውን ብዛት ቀነሰ? የስህተቱን ጣሪያ ወሰነ? ስሌቱን አፋጠነ? አንዱን ለይታችሁ ተናገሩ።

የዛሬ ልጆች ስላይድ ታበዛላችሁ። ቀመሩ ሁሉ ባንዴ ብቅ ሲል አድማጩ ማሰቢያ ያጣል፤ በኖራ ሲጻፍ ግን እጃችሁ ራሱ ያዘገያችኋል። እርግጥ ነው፣ የሲቲ ምስል በኖራ አይሣልም፤ ለሱ ስላይድ ያስፈልጋል። ብያኔ ከሁለት አይብለጥ፣ ቲዎረሙም ከሰባተኛው ደቂቃ አይዘግይ። ከማረጋገጫው የቲዎረሙ ቅድመ ሁኔታ የሚሠራበትን አንድ ቦታ ብቻ አሳዩ፤ የቀረውን ወረቀታችሁ ላይ ያነቡታል።

«ቅድመ ሁኔታው ቢነሳስ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ቲዎረሙ ያኔ እንደሚፈርስ የሚያሳይ ትንሽ ምሳሌ ይዛችሁ ግቡ። ከሌላችሁ «እስካሁን አላገኘሁም» በሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።