ባቷ አብጧል፤ ወጌሻ ይያት?

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋ 54 ነው፤ የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያቆጣ የቁርጥማት በሽታ) ነው ከተባለች 6 ዓመት ሆኗታል፤ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ሰሞኑን ቁርጥማቱ ብሶባት ሁለት ሳምንት ተኝታ ከረመች። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ የግራ ባቷ አብጦ ይሞቃል። ጎረቤት ወጌሻ ይያት ይላል። ሰኞ አዲስ አበባ ቀጠሮ ስላላት በአውቶብስ ልንወስዳት ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ባታቸው አይታሽ፤ ሰኞም አይጠበቅ። ዛሬውኑ ደሴ ወጥተው ሆስፒታል ይታዩ።

በአንድ እግር ብቻ የመጣ እብጠትና ሙቀት በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፤ የረጋ ደም ግን ሲታሽ ተቆርሶ በልብ በኩል ሳንባ ላይ ሊወተፍ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አየር ሲስቡ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከወጣቸው አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ።

እስክትነሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጉ። ከጉልበት በታች ከፊት ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ምልክት አድርጉና የሁለቱንም ባት ዙሪያ እዚያው ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ባይበልጥም ጉዞው አይቀርም፤ ቁጥሩን ለሐኪሙ ንገሩት።

በሩማቶይድ በሽታ ከጉልበት ጀርባ የሚጠራቀም የፈሳሽ ከረጢት አንዳንዴ ይፈነዳና ባቱን ልክ እንዲሁ ያሳብጠዋል። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው የደም ሥሩንና የደሙን ፍሰት በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ባለበት ሰው ያለ መርጋትም ከፍ ስለሚል፣ ከፍ ማለቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ቁርጥማቱ ከደም ጋር ምን አገናኘው? ብግነት ሲያይል ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ደም አርጊ ፕሮቲን ያበዛል፤ የደም ሥሩም ውስጠኛ ገጽ ይቆጣል። በዚህ ላይ መተኛትና ፕሬድኒሶሎን ሲጨመሩ ደሙ ለመርጋት ይፈጥናል። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ስጋቱ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ በሽታው በተነሳበት ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ያም ሆኖ ፕሬድኒሶሎኑን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፣ ሌላ አደጋ አለው። ይኸው በሽታ ያለባችሁ ወጣት ሴቶች ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

መርጋቱ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ከታዘዘ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲቆይ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጎመን ነው። ጾም ሲገባ ገበታው ጎመን በጎመን ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ጉልበት ይቀንሳል፤ ሲፈሰክ ደግሞ ጎመኑ ይቀርና መድኃኒቱ በርትቶ ያደማል። ጎመን አይከልከሉ፤ መጠኑ ግን በጾሙም በፍስኩም አንድ ዓይነት ይሁን። ለቁርጥማት ተብለው ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ያደማሉና ሐኪም ሳያዝ አይውሰዱ።

ሐኪሙ ለጉዞ ሲፈቅድላቸው፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ይራመዱ። ወንበር ላይ ሳሉም በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝና ጣታቸውን እያፈራረቁ 20 ጊዜ ያንሱ። ሽንት ቤት እንዳያስቸግር ብለው ውሃ አይተዉ። ረመዳን ከሆነ ውሃውን ከመግሪብ እስከ ሱሑር ከፋፍለው ይጠጡ።