ተሸንፈንም የምናነበው ቀልድ፦ በክለብ የጨዋታ ዕለት መጽሔት ላይ ለምትጽፍ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «የጋዜጠኝነት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በአንድ የእግር ኳስ ክለብ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ በተለማማጅነት እየሠራሁ፣ በጨዋታ ዕለት መጽሔቱ ላይ ተጋጣሚውን ቡድን የሚያስተዋውቀውን ገጽ እጽፋለሁ። በቅርቡ ስለ ተጋጣሚያችን በረኛ የጻፍኩትን ቀልድ ኃላፊዬ ‹ለዛ የለውም› ብለው ሰረዙት፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ጓደኞቼ ግን አንብበው በሳቅ ፈርሰው ነበር። በዚህ ሙያ መቀጠል እፈልጋለሁ። ቀልዱን ልተው ወይስ ሌላ መሥሪያ ቤት ልፈልግ?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ሁለቱንም እንድታደርጊ አልመክርሽም። ቀልድ የሌለበት የጨዋታ ዕለት መጽሔት የተጫዋቾች ስም ዝርዝርና የነጥብ ሰንጠረዥ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ብዙም አይለይም፤ ሰንጠረዡን ደግሞ ደጋፊው ገና ስታዲየም ሳይገባ በስልኩ አይቶታል። መጽሔቱን ገዝቶ የሚቀመጠው ቡድኑን እንደ እሱ የሚወድ፣ የሳተውን ፍጹም ቅጣት ምትና ያመለጠውን ዋንጫ አብሮት የሚያስታውስ ሰው ድምፅ ለመስማት ነው። በቋንቋችን ሜዳ ላይ የሚደረገው ግጥሚያም፣ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወጉት ወግም «ጨዋታ» ይባላል፤ «ጨዋታ አዋቂ» የሚባለውም የተቀመጠውን ሁሉ፣ እንግዳውን ጨምሮ፣ የሚያስቅ ሰው ነው። ኃላፊሽ «ለዛ የለውም» ሲሉ ይህ ጎደለው ለማለት የፈለጉ ይመስለኛል። ሳያብራሩልሽ መሰረዛቸው ግን ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ጀማሪ ጸሐፊ የሚማረው መስመሩ ለምን እንደተሰረዘ ሲነገረው ነውና።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝ አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ «የእንግዶቻችን በረኛ ባለፈው ሳምንት አምስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ኳስ ከመረብ ሲያወጣ ስለዋለ ወገቡን ሳያመው አይቀርም። ዛሬም እንዳናሳርፈው አደራ፤ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ስፖርቱ ይጠቅመዋል።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥሩ ዓይን እንዳለሽ ያሳያል። «አምስት ጎል ተቆጠረበት» ብለሽ ከማለፍ ይልቅ ጎንበስ ቀና የሚለውን ሰው እንድናየው አድርገሻል። ሁለተኛው ላይ ስትደርሺ ግን ቀልዱ ከጨዋታው ወጥቶ የሰውየውን ዕድሜና እንጀራ ነካ። እነዚህ ሁለቱ በክለብ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ተጫዋች ሊያመልጠው በማይችለው ዕድሜና ሊያጣው በሚችለው ሥራ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ስለ ኳስ መሆኑ ይቀራል።

ጓደኞችሽ የሳቁት ሐሰተኞች ስለሆኑ አይደለም። ይኸው ዓረፍተ ነገር በደጋፊዎች መካከል ቢነገር እኔም ፈገግ እል ይሆናል። በመጽሔቱ ላይ ሲታተም ግን የሚናገረው ክለቡ ነው፤ ክለቡ ደግሞ በዚያን ዕለት ባለቤት ነው፣ ተጋጣሚው እንግዳ። መጽሔቱን እንግዳው ደጋፊም ይገዛዋል፤ በብዙ ክለቦች ለእንግዳው ቡድን ልዑካንም ይሰጣል። በረኛው ከጨዋታው በፊት በመልበሻ ክፍል ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል፤ ሚስቱና ልጆቹ በመቀመጫቸው ላይ ሆነው ሊያነቡት ይችላሉ። እንግዳን ቤት ጠርቶ በደጃፍ ላይ የሚያሾፍበት ባለቤት፣ ቀልዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ራሱን ነው የሚያዋርደው።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገውም ይህን ነው። የሚታተም መጽሔት ከጨዋታው ቀናት አስቀድሞ ተጽፎ ያልቃል። አንቺ ስትጽፊ ውጤቱን አታውቂውም፤ አንባቢው ግን ግማሹን በዕረፍት ሰዓት፣ ቀሪውን ወደ ቤቱ ሲመለስ ያነበዋል። ያ በረኛ ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ አንድ ለዜሮ ብንሸነፍ፣ ስለ ወገቡ የጻፍሽው መስመር በማን ላይ ይዞራል? እኔ ጽሑፍ ስገመግም ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ሦስት ለዜሮ ተሸንፈን ብናነበውስ?» በሽንፈት ሊነበብ የማይችል ቀልድ ውጤቱን የሚጠብቅ ጉራ ነው። በሽንፈትም የሚያስቅ ከሆነ ግን አንባቢው ከዓመታት በኋላ መጽሔቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ለልጁ ያነብለታል።

ክለባችሁ በመጨረሻዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ጎል እንዳላስቆጠረ ነግረሽኛል። እንግዲህ አንቀጹን እንዲህ ብንለውጠውስ? «እንግዶቻችን ባለፈው ሳምንት አምስት ጎል ተቆጥሮባቸዋል፤ እኛም በሦስት ጨዋታዎች አንድም አላስቆጠርንም። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ የእነሱ በረኛ በሩን ይዘጋዋል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ እኛ በሩ በየት በኩል እንደነበር እናስታውሳለን ወይ የሚለው ነው።» መረጃው አልተለወጠም፣ አምስቱም ጎል አልተደበቀም። ነገር ግን የሚሳቀው በቤቱ ባለቤት ላይ ሆነ፤ እንግዳውም አብሮ ሊስቅ ቻለ፤ ብንሸነፍ ቀልዱ ይመርራል እንጂ አያሳፍርም። «እኛ» ማለቴንም ልብ በይ። አንድ ጎል ማግባት ያቃተውን አጥቂ በስሙ ጠርተሽ ብትጽፊው ያንኑ የበረኛውን በደል በራስሽ ተጫዋች ላይ መፈጸምሽ ነው። በራስ ላይ መሳቅም ቢሆን ወሰን አለው፤ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ ለመውረድ አንድ ጨዋታ ሲቀረውና የክለቡ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው ሲጨነቁ፣ በዚያ ሳምንት ስለ መውረድ ባትቀልጂ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ዕውቀት ይጠይቃል፤ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ክለብ የራሱ የሐዘን ቀን አለው፤ የተጋጣሚውን ገጽ የምትጽፍ ሰው ያንን ቀን ከአጥቂው የጎል ብዛት አስቀድማ ማወቅ አለባት። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 በሙኒክ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ስምንት ተጫዋቾቹን አጥቷል፤ በአጠቃላይ 23 ሰዎች ሞተዋል። የጣሊያኑ ቶሪኖ ቡድን የተሳፈረበት አውሮፕላን ሜይ 4 ቀን 1949 በሱፔርጋ ኮረብታ ላይ ተከስክሶ 31 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተሳፈሩት አንድም አልተረፈም። ሊቨርፑል ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የሞቱ 97 ደጋፊዎቹን ያስባል። ከእነዚህ ክለቦች አንዱ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ «በአየር ላይ ኳስ ይከሰከሳሉ» ወይም «ተከላካዮቻቸውን በግድግዳ ላይ እናጣብቃቸዋለን» የሚል መስመር፣ ጸሐፊዋ ምንም ክፋት ባታስብ እንኳ፣ ቁስል ይነካል። አለማወቅ በዚህ ሥራ ሰበብ አይሆንም።

የተለመዱ አባባሎችም እንዲሁ በሰዓታት ውስጥ ትርጉማቸው ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ በራሱ መረብ ላይ ኳስ አስቆጠረ፤ ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ ጁላይ 2 ቀን በሜደሊን ከተማ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተንታኝ ስለ ሌላ ተከላካይ ስህተት ሲናገር፣ እንዲህ ያለው ሰው በጥይት መመታት አለበት የሚል ዘወትር የሚነገር አባባል ከአፉ አመለጠው፤ ጣቢያውም ይቅርታ ጠየቀ። ተንታኙ ክፉ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ምላሱ የለመደውን ሐረግ ሲያወጣ ቀኑን አላሰበውም። ከኳስ ቋንቋ ውስጥ «ገደለ»፣ «ቀበረ»፣ «አረደ» የሚሉትን ቃላት ሁሉ አውጪ አልልሽም፤ በእያንዳንዱ ሳምንት ግን እንደገና መመርመር አለባቸው።

ይህን የምልሽ እኔም ስለደረሰብኝ ነው። በወጣትነቴ በአንድ ክለብ መጽሔት ላይ እርማት እሠራ ነበር። በአንዱ ዕትም በግራ ገጽ ላይ ያለፈውን ጨዋታ የሚዘግብ ጽሑፍ ነበር፤ ውስጡም «በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ተከላካዮቻችን በቁማቸው ሞተው ስለነበር ቀብራቸው ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ይፈጸማል» የሚል መስመር አለ። በቀኝ ገጽ ላይ ደግሞ በዚያ ሳምንት ያረፉ የአንድ የረጅም ዘመን ደጋፊ ፎቶግራፍና የሐዘን መግለጫ ወጥቷል። ሁለቱን ጽሑፎች ለየብቻቸው አንብቤ ነጠላ ሰረዛቸውን ሁሉ አስተካክዬ ነበር፤ ጎን ለጎን ሆነው ግን አላየኋቸውም። የሟቹ ልጅ ለቤተሰቡ አምስት ቅጂ ሊወስድ መጣ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ገጹን ገለጠ፣ የአባቱን ፎቶ አየ፣ ዓይኑ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዚያ መጽሔቱን ቀስ ብሎ አጥፎ አንዱን ብቻ ይዞ ሄደ። የቀሩት አራቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም ጽሑፍ በጥንድ ገጹ ተዘርግቶ ሳላየው ወደ ማተሚያ ቤት እንዲሄድ ፈቅጄ አላውቅም። አንቺም የራስሽን ገጽ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ለማየት ጠይቂ፤ ተለማማጅ መሆንሽ ይህን ከመጠየቅ አያግድሽም።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣው ጽሑፍ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ብዙዎቹ ቀልዶች ሰዓት ተሞልቶላቸው በራሳቸው የሚለጠፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ወደቀ። እንዲህ ባለ ሰዓት ለዕረፍት ተብሎ የተዘጋጀ የሳቅ ጽሑፍ በራሱ ቢለጠፍ ምን እንደሚሆን አስቢው። ስለዚህ በምትሠሪበት ክፍል ሁሉንም ልጥፍ በአንድ ጊዜ የሚያስቆመው ማን እንደሆነ፣ ስልኩን በጨዋታው ጊዜ የሚይዘውም ማን እንደሆነ ዛሬውኑ እወቂ። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ያንን ኃላፊነት ለመውሰድ ራስሽን አቅርቢ፤ ማንም የማይፈልገው ግን ሁሉም የሚያመሰግንበት ሥራ ነው።

ጨዋነት ቀልድን ይገድላል ብለሽ እንዳትፈሪ ግን አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የጣሊያኑ ሮማ ክለብ አዲስ ተጫዋች ማስፈረሙን በሚያስቁ ቪዲዮዎች በማስታወቅ በዓለም ዙሪያ ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የበጋ ዝውውር ወቅት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቀልዱን ሲጠብቅ፣ ክለቡ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ጋር የጠፉ ልጆችን ፎቶ አብሮ አወጣ፤ ከልጆቹም የተገኙ ነበሩ። ሰዉ ያንን ገጽ ማየት የለመደው በሳቅ ነው፤ ሳቁ የሰበሰበውን ዓይን መቼ ለሌላ ነገር ማዋል እንደሚገባ የለዩት ሰዎች ደግሞ ቀልዱን የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። ይህን የመለየት ችሎታ ነው ቀጣሪ የሚፈልገው።

ስለ ሥራ ገበያው በእውነቱ ልንገርሽ። የታተመው መጽሔት በብዙ ቦታ እየቀነሰ ነው፤ በእንግሊዝ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉት የሦስቱ ዲቪዚዮኖች ክለቦች እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሔት ማሳተም ግዴታ መሆኑ እንዲቀር ወስነዋል። የጽሑፉ ሥራ ግን ወደ ድረ ገጽ፣ ወደ ስልክ መተግበሪያና ወደ ስታዲየሙ ስክሪን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። አንድ ሰው ሁሉንም እንዲሠራ ስለሚጠበቅ፣ የአሰልጣኙን መልእክት በአሰልጣኙ አንደበት መጻፍ፣ የሐዘን መግለጫ ማዘጋጀት፣ የዳኛውን ማስተዋወቂያ ያለ ሽሙጥ መጻፍ መቻልሽን ማሳየት አለብሽ። ለቅጥር ስታመለክቺ በጣም ያሳቀሽን ጽሑፍ ብቻ አትላኪ። አንድ ከጨዋታ በፊት የተጻፈ፣ አንድ ከከባድ ሽንፈት ማግስት የተጻፈ፣ አንድ ደግሞ ምንም ቀልድ የሌለበት የሐዘን ጽሑፍ አብረሽ ላኪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን አስቀድሜ የማነበው ሦስተኛውን ነው።

ወደ ኃላፊሽ ልመልስሽ። ተሰርዞብኛል ብለሽ በቅሬታ አትግቢ። የመጀመሪያውን አንቀጽና አስተካክለሽ የጻፍሽውን ሁለተኛ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርገሽ፣ «ከሁለቱ የትኛው ያልፍ ነበር? ምክንያቱንስ ቢነግሩኝ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በሥራ ብዛት የተወጠረ ሰው እንኳ እንዲህ ላለው ጥያቄ አምስት ደቂቃ አያጣም። የእኔን ማስተካከያ አትውሰጂው፤ የአንቺ ድምፅ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነው፣ ጎንበስ ቀና የሚለውን በረኛም ያየሽው አንቺ ነሽ። ያንን ምስል ይዘሽ ጡረታውን ብቻ የተወ አንቀጽ መጻፍ ትችያለሽ ብዬ አምናለሁ። ስትጨርሺው ለእኔም ላኪልኝ፤ በደስታ አነበዋለሁ።